ከዓምዱ ግርጌ የቀረችው «ያል»

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው እስኪያመሰግነኝ ብጠብቅ ይመሽብኛል። ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ሰው የጻፈውን ተቀብዬ ኮምፒውተር ላይ እደረድራለሁ፦ ርዕሱን ከላይ፣ ፎቶውን በቦታው፣ ጽሑፉን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ። በማተሚያ ቤታችን እንደኔ ዓምድ የሚያቆም የለም። ይህን አለቃችን እትዬም ይመሰክራሉ፤ እሳቸው ደግሞ ምስጋና ከአፋቸው በዓመት ሁለቴ ቢወጣ ነው።

ዓምድ ማቆም ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። የኛ ቋንቋ ቃሉ ረጅም ነው። «ስላልተመለከቷቸውም» የሚል አንድ ቃል ይመጣና የጠባቧን ዓምድ ወርድ ግማሽ ይዞ ቁጭ ይላል። ቀጣዩ ቃል አልገባም ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ ደግሞ የመስመሩን ግራና ቀኝ እኩል አደርጋለሁ ሲል የቀሩትን ቃላት ወዲያና ወዲህ ይጎትታቸዋል፤ መሀሉ ኦና ይሆናል። እንዲህ ያለ ዓምድ ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስላል። ከእጄ እንዲህ ያለ ገጽ ወጥቶ ከማይ ምሳዬን ብዘል እመርጣለሁ።

መድኃኒቱ ቃሉን መስበር ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካደረጉ፣ ቃሉ መስመሩ ባለቀበት ይቆረጥና የቀሩት ፊደላት ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳሉ። ዓምዱ በቱንቢ የተለካ ግድግዳ ይመስል ቀጥ ይላል። እኔ ይቺን ሳጥን እወዳታለሁ። አራሚያችን ግን ዓይኗን ማየት አይፈልጉም።

አራሚያችን ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። የሚሉትን ብለው ሲጨርሱ «አራት ነጥብ» ስለሚሉ፣ ከዚያ ወዲያም ክርክር ስለማይቀበሉ፣ ስማቸው ጋሽ አራት ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። ፊት ለፊት ጋሼ እንላቸዋለን።

«አንቺ ልጅ» ይሉኛል፣ «በኛ ቋንቋ እምቢታው ያለው ቃሉ አንገት ላይ ነው። ‹ያልበላ› የሚለውን ሰብረሽ ‹ያል›ን እላይ ትተሽ ‹በላ›ን ታች ብታወርጂው፣ ጦሙን የዋለውን ሰውዬ አጠገብሽው ማለት ነው። ያል፣ አል፣ አይ፣ የማይ፤ እነዚህ ከቃላቸው አይለዩም። አራት ነጥብ።»

«ጋሼ፣ አንባቢ እኮ ቂል አይደለም፤ ራሱ ይገጣጥመዋል።»

«አንባቢ ዓይኑ የወደቀበትን ነው የሚያነበው።»

ሌላው ጠባችን በዓምድና በዓምድ መሀል ስለሚተወው ባዶ ቦታ ነው። እኔ ጠበብ አደርገዋለሁ፣ እሳቸው አስፊው ይላሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ባዶ ቦታ ለክፉ ቀን ነው።» እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ ከምን ክፉ ቀን ያወጣል እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ከድርጅቱ ወደ ቤታችን የገባ ነገር የለም፤ ባዶ ካርቶን እንኳ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን የቢሮ እርሳስ ኪሱ ውስጥ ረስቶ ለምሳ መጣ። እርሳሷን ሲያይ ምሳውን ትቶ ተነሣና መልሷት መጣ። ግምጃ ቤቱን ግን ቤትም ይዞት ይመጣል። እናቴ ክብሪት ስትጠይቀው «የፊተኛው አልቋል?» ይላታል፤ እሷም ባዶውን ቀፎ ካላሳየችው አዲሱ አይወጣም።

ይህ ሰው አንድ ጊዜ ተጠርጥሯል። አንድ ሳጥን ሙሉ ብሎን ከግምጃ ቤቱ ጠፋ ተባለ። ማንም በግልጽ አልወነጀለውም፤ ብቻ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ይቋረጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ሰላምታውም ተመለሰ፣ ሻዩም እንደ ድሮው ሆነ። አባቴ ግን እነዚያን ሁለት ሳምንታት ከልቡ አውጥቷቸው አያውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ድርጅቱ አራት ገጽ ልዩ ዕትም ላሳትምለት አለ። ሥራው ወደኛ ማተሚያ ቤት መጣ፤ አራት መቶ ቅጂ፣ በሽኝቱ ዕለት ለሠራተኛው ሁሉ የሚታደል። የመጀመሪያው ገጽ የአባቴ ታሪክ ነው፤ ሦስት ዓምድ፣ በመካከለኛው ዓምድ አናት ላይ ፎቶው። ገጹን ማን እንደሚሠራው መቼም አትጠይቁኝም።

አባቴ ረቂቁን አነበበና አንዲት መስመር ብቻ እንድትገባለት ለመነ፦ «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ብሎን ያልሰረቀ፣ ሌላውንም ያላሰረቀ።»

«አባዬ፣ ያልሰረቀ ሰው አልሰረቀም ተብሎ ይጻፍለታል እንዴ?» አልኩት።

«እንዲህ የሚለው ተጠርጥሮ የማያውቅ ነው» አለኝ። «ሌላውን ሁሉ ብታወጡት ግድ የለኝም። ይቺ ብቻ ትግባልኝ።»

ገባችለት። ጋሽ አራት ነጥብ ገጹን ፊደል በፊደል አረሙ፤ የዓምዶቹን መሀልም በግድ እንዳሰፋ አደረጉኝና ፈረሙበት። ከዚያ ሲያሠቃያቸው የሰነበተ ጥርስ ነበራቸውና ወደ ሐኪም ሄዱ። እሳቸው ከበሩ ሲወጡ የኔ ስልክ ጮኸ። አባቴ ነው።

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው ረስቻለሁ! ጥበቃውን! አሥራ ስምንት ዓመት በሩን ሲከፍትልኝ ኖሮ ሳላመሰግነው ልሂድ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ለጥበቃው ጨመርኩለት። ጽሑፍ ግን ዓምድ ውስጥ እንደ ውሃ ነው፤ ከላይ ሲጨምሩበት ከታች ይፈሳል። የመጀመሪያው ዓምድ ጅራት ወደ ሁለተኛው ገባ፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ በሦስተኛው ግርጌ ደግሞ ያቺ ቀይ የመደመር ምልክት ብቅ አለች። ቦታ አጥቶ ውጭ የቀረ ጽሑፍ አለ ማለቷ ነው። እኔ ምን ቸገረኝ፤ የምወዳትን ሳጥን ምልክት አደረግኩባት። ቃላቱ ተሰበሩ፣ መስመሮቹ ተጠጋጉ፣ ቀይዋ ጠፋች። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ከሩቅ አየሁት። ሦስት ዓምድ፣ አንድም ቀዳዳ የለበትም!

ከሩቅ ማየቴ ነው ጥፋቴ። ጋሼን መጠበቅ ነበረብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ መሄዴንም አላወቅኩም። ገጹን ማተሚያውን ለሚያንቀሳቅሰው ለማሽኒስቱ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው ታትሞ፣ ሃምሳ ሃምሳው እየታሰረ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ነበር። የመጨረሻው እስር ገና አልታሰረም። በሁለት ሰዓት ተኩል አባቴ የሽኝቱን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ጫማውን አሳምሮ ከተፍ አለ። ሽኝቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን እስከ ዘጠኝ መታገሥ አልቻለም።

ካልታሰረው አንድ ቅጂ አነሣና መነጽሩን አደረገ። እትዬ በዚያች ቅጽበት ያቺን በዓመት ሁለቴ የምትወጣ ምስጋናቸውን አወጡ።

«እጇ ይባረክ! እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከእንግዲህ የድርጅታችሁ ሥራ በሙሉ በእሷ እጅ ነው።»

እኔ እንቁላል እንደጣለች ዶሮ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። አባቴ ገጹን ትኩር ብሎ አየ። መነጽሩን አወለቀና ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አየ።

«እንዴት ነው አባዬ?»

ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እትዬን አየ። «ቆንጆ ነው» አለ። «ዓምዱ ቀጥ ያለ ነው።»

«ሻይ ይምጣ?» አሉት እትዬ።

«የለም፣ እቸኩላለሁ።» አባቴ ሻይ እምቢ ሲል ሰምቼ አላውቅም። በሩ ጋ ሲደርስ የኮቱን ደረት በእጁ ያዝ አድርጎ ወጣ። ደስታው ነው ብዬ አሰብኩ።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ አራት ነጥብ ገቡ። ጥርሳቸው ተነቅሏል፣ ጉንጫቸው አብጧል፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቷል። መናገር አይችሉም፤ ማንበብ ግን ይችላሉ። አንድ ቅጂ አነሡ፣ እንደቆሙ አነበቡ፣ ከዚያ ቀይ ሆነው ወደኔ መጡና ጣታቸውን ፎቶው ሥር አስቀመጡ።

አነበብኩት። አባቴ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል። ከፈገግታው ሥር፣ ልክ ለፎቶው መግለጫ የተጻፈ ይመስል፣ እንዲህ ይላል፦

«ሰረቀ፣ ሌላውንም ያላሰረቀ።»

ጋሼ ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው ዓምድ ግርጌ ወሰዱት። እዚያ፣ የመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ፣ ከቃሏ የተለየችው «ያል» ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማሽኒስቱ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበና ሳቁ አመለጠው።

«ብቻውን ሰረቀ ማለት እኮ ነው! ተካፋይ አልፈለገም!»

ጋሼ አንድ ጊዜ ዞረው አዩት። ሳቁን ዋጠው። እኔ ግን ዓይኔ ፊት የመጣው ሻይ ቤቱ ነው። አባቴ ሲገባ የሚቋረጠው ወሬ። ያንን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቃት የኖረውን አንዲት መስመር፣ በአራት መቶ ቅጂ አባዝቼ፣ ገልብጬ ልሰጠው ነው። እንባዬ መጣ።

እንደገና እናትም እንዳንል አዲስ የማተሚያ ፕሌት ከሌላ ቦታ ተሠርቶ እስኪመጣ አንድ ቀን ይፈጃል። በእስክሪብቶ እንጨምር እንዳንል የኔን የእጅ ጽሑፍ እናቴም አታነበውም። ጋሼ ጥጣቸውን እንደጎረሱ ወረቀት ስበው አንድ ቃል ጻፉ፦ «ማህተም»።

ማተሚያ ቤታችን የጎማ ማህተምም ይሠራል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ያል» የምትል፣ በፊደሏ ዓይነትም በቁመቷም የገጹን ጽሑፍ የምታክል ትንሽ ማህተም አወጣን። ጥያቄው «ሰረቀ» ከሚለው ፊት የምታርፍበት ቦታ አለ ወይ ነው። በሁለቱ ዓምዶች መሀል፣ ጋሼ በግድ ባሰፉት ባዶ ላይ ሞከርኳት። የተለካላት ያህል ገጠመች። እሳቸው ወረቀታቸውን መልሰው ሳቡና «ባዶ ቦታ ለክፉ ቀን ነው» ብለው ጻፉ። መጨረሻው ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ አራት ነጥቦች አስቀመጡ።

የቀረን የማህተም ቀለም ሐምራዊ ብቻ ነበር። እኔ እመታለሁ፣ ማሽኒስቱ ቅጂውን ያቀርባል፣ ጋሼ እየተቀበሉ ይቆጥራሉ። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት። ስንጨርስ ጋሼ ቁጥሩን ጻፉ፦ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

«አንድ ጎድሏል!» አልኩ።

«አይጎድልም» አለ ማሽኒስቱ። «የማሽኑ ቆጣሪ አራት መቶ ብሏል፤ እኔም በእጄ ቆጥሬያለሁ። አራት መቶ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ታዲያ በእግሯ ሄደች?»

«ስህተት የሚሠራው ሌላ፣ የሚቆጡት እኔን!»

እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን ጮህኩበት። ሰው በራሱ ሲናደድ ቅርብ ያገኘውን ነው የሚቆጣው። ያቺ ማህተም ያላረፈባት አንዲት ቅጂ በማን እጅ እንዳለች እያሰብኩ ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር ፈለግኳት። አንዲት ትበቃለች፤ ሻይ ቤት አንድ ወረቀት ለመቶ ሰው ይነበባል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አዳራሹ ደረስን። ቅጂዎቹ ታደሉ። እኔ በየመደዳው እየዞርኩ ሐምራዊ ቀለም የሌለበት ወረቀት እፈልጋለሁ። ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ሁሉም ሐምራዊ ነው። አንዳንዱ ሹፌር ጣቱን «ያል» ላይ አድርጎ ለጎረቤቱ ያሳያል። ጥበቃው ስለ እሱ የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ አነበባት።

አባቴ እንዲናገር ተጋበዘ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጂ አነሣ፣ መነጽሩን አደረገና ገጹን አየ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ ከዚያ ቀና ብሎ በአዳራሹ ውስጥ ፈለገኝ። አገኘኝ። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «እንደምታዩት እዚህ ላይ ‹ያል› ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዴ ከዓምዱ ግርጌ፣ አንዴ ደግሞ በሐምራዊ ቀለም። የማተሚያ ቤት ሰዎች ጥንቁቆች ናቸው። እኔም ብሆን ብሎኗን ሁለት ጊዜ ነው ያልሰረቅኳት።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ያኔ ብሎኑ ሲጠፋ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ከነበረ ሰዎች አንዱ ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው፤ በመጨረሻ የተቀመጠ ሰው አልቀረም። አባቴ ወረቀቱን ይዞ እንደቆመ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ደጅ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ድርጅቱ ለመጨረሻ ጊዜ ቤቱ ድረስ በአውቶቡስ ሊያደርሰው ነው፤ ሹፌሩን እየጠበቅን ነው።

«ልጄ፣ ስንት አተማችሁ?» አለኝ።

ጡረታ ወጥቶም ቆጠራ አልተወውም። «አራት መቶ ነበር። አንድ ጎደለ። ማሽኒስቱ ነው የተሳሳተው።»

«ማሽኒስቱ አልተሳሳተም። ይቅርታ ጠይቂው።» ግራ ቀኙን አየና የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ከደረት ኪሱ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጭኑ ላይ ዘረጋው። ፎቶው ሥር ሐምራዊ ቀለም የለም። «ሰረቀ» ይላል፣ ጥርት ብሎ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ፣ ሻይ እምቢ ሲል፣ ደረቱን ይዞ ሲወጣ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ጠዋት አይተኸው ነበር!»

«አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ስምህ አይደለም እንዴ? ያቺን መስመር አይደል ስትለምነን የነበረው?»

«እትዬ እያመሰገኑሽ ነበር» አለ።

«ታዲያስ? ቢቆጡኝስ?»

«እኔን የሥራ ጓደኞቼ ሠላሳ አንድ ዓመት አይተውኛል፤ አንድ ወረቀት ምን ያደርገኛል? አንቺን እትዬ ገና ማየታቸው ነው።»

አለቀስኩ። አንጀቴን በላው። ክብሪት ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው፣ ስሙን ያለ ቆጠራ ሊሰጠኝ ኖሯል። እሱ መሀረቡን አውጥቶ ሰጠኝ።

«ይቺን ግን ለምን ወሰድካት?» አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

እንደገና ግራ ቀኙን አየ፤ የሚሰማን ግን አንድም ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰረቀ ብለሽ አትመሻል። ልጄ ያተመችው ውሸት ሆኖ ከሚቀር አልኩና፣ ማንም ሳያየኝ ይቺን ኪሴ ከተትኳት። የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ጋ እስክደርስ ልቤ እንዴት እንደመታ ብታዪ! ሌቦች እንዴት እንደሚችሉት አላውቅም።»

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ማህተሟ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ አወጣኋት። «በል አምጣት፤ እጅ ከፍንጅ ሳይዙህ እኔ ላስተካክላት።»

ወረቀቷን ከእጄ አሸሻት። በነበረው እጥፋት ለአራት አጠፋትና ወደ ደረት ኪሱ መልሶ ቁልፉን ቆለፈ።

«ተይው» አለ። «ይቺኛዋ ስህተት የለባትም።»